«ባለፈው ሳምንት ሥራ ፈልገዋል?» የአንድ ቅጽ ታሪክ

አሜሪካ ውስጥ ከሥራው የተቀነሰ ሰው ድጎማ እንዲከፈለው በየሳምንቱ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ። አነጋገሩ ከስቴት ስቴት ትንሽ ይለያያል እንጂ ፍሬ ነገሩ አንድ ነው። ባለፈው ሳምንት መሥራት ይችሉ ነበር? ሥራ ፈልገዋል? የቀረበልዎትን ሥራ አልቀበልም ብለዋል? ሠርተው ያገኙት ገንዘብ አለ? «አዎ»፣ «አይደለም» እያሉ መጫን ነው፤ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አንዷን ጥያቄ የተሳሳተ የመለሰ ሰው ግን ክፍያው ሊታገድበትና ስልክ ሲደውል፣ መስመር ላይ ሲጠብቅ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። የቤት ኪራይ ደግሞ አይጠብቅም።

ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ቨርጂኒያ ዘመድ ያላችሁ ነገሩን በስሙ ሰምታችሁት ይሆናል። «አንኢምፕሎይመንት ሞልቻለሁ»፣ «አንኢምፕሎይመንት ገባልህ ወይ?» ይባላል። በተለይ በ2020 ኮሮና ከተሞቹን ሲዘጋ።

እነዚህ ጥያቄዎች ላያቸው ተራ የቢሮ ወረቀት ናቸው። እኔ ግን እንደ ቁፋሮ ቦታ ነው የማያቸው። እያንዳንዷን ብትቆፍሯት ከሥሯ አንድ የቆየ ክርክር ይወጣል፤ ይህ ሰው ሥራ ያጣው ሥራ ጠፍቶ ነው ወይስ እሱ ሰንፎ? እና ይሄ በምን ይታወቃል? እስቲ አብረን እንቆፍር። (ከአንዲት ቦታ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እድር ለሥራ አጥ ለምን አይሆንም?

በእንግሊዝኛ «ሥራ አጥነት» የሚለው ቃል ራሱ በሰፊው መነገር የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ሥራ የሌለው ጤነኛ ሰው በሕግ ፊት የሚታየው እንደ ድሃ ነበር፤ ድህነቱም የራሱ ጥፋት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ1834 የወጣው የእንግሊዝ የድሆች ሕግ ሐሳቡ እንዲህ ዓይነት ሰው እርዳታ ከፈለገ «ወርክሃውስ» ወደሚባለው ቤት ይግባ የሚል ነው። እዚያ ባልና ሚስት ይለያያሉ፣ ምግቡ ሆን ተብሎ የከፋ ነው። ዓላማው ግልጽ ነው፤ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ያልደረሰ ሰው በሩን እንዳያንኳኳ።

ግን ፋብሪካ ሲበዛ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር መጣ። መርከብ ሰሪው ከተማ ውስጥ ትዕዛዝ ሲቀንስ ትናንት ጎበዝ የተባለ ብረት ቀጥቃጭ ዛሬ ከነጎበዝነቱ ቤቱ ይቀመጣል። በአንድ ወር ሺህ ሰው በአንዴ ሰነፈ ማለት አይቻልም።

መልሱን መጀመሪያ የሞከሩት ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው። በ1851 የተቋቋመው ትልቁ የእንግሊዝ የመሐንዲሶች ማኅበር (እዚህ «መሐንዲስ» ያልኩት የማሽን ባለሙያውን ነው) ከአባላቱ በየጊዜው መዋጮ እየሰበሰበ ሥራ ላጣ አባል ይከፍል ነበር። እኛ ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ እድር ማለት ነው። ሁሉም ያዋጣል፣ ችግር የደረሰበት ይወስዳል።

ታዲያ እድር ለሐዘን ከሠራ ለሥራ አጥነት ለምን አይሠራም? ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። እድር የሚሠራበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሞት በአብዛኛው በየተራ ነው የሚመጣው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት አይሞትም፤ ስለዚህ ሣጥኑ አይራቆትም። ሁለተኛ፣ ሞትን ማስመሰል አይቻልም። ለእድሩ ገንዘብ ብሎ የሚሞትም የለም። ሦስተኛ፣ ሞት ለሁሉም የማይቀር ስለሆነ ሀብታሙም ድሃውም ሳያጉረመርም ያዋጣል።

አሁን «ሞት» የሚለውን አውጥታችሁ «ሥራ ማጣት»ን አስገቡ። ሦስቱም ይፈርሳሉ። ሥራ ማጣት በጅምላ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ፋብሪካ ሲዘጋ ጎረቤቱም ይዘጋል፤ ሣጥኑ የሚራቆተው በጣም በሚፈለግበት ጊዜ ነው። ማስመሰል ይቻላል፤ ቢያንስ ይቻላል ተብሎ ይጠረጠራል። እኩል ለሁሉም አይመጣም፤ ግንበኛው ክረምት በገባ ቁጥር ሥራ ይፈታል፣ የባንክ ጸሐፊው ግን ሃያ ዓመት ወንበሩ ላይ ነው። ታዲያ ጸሐፊው ለግንበኛው ለምን ያዋጣ?

ይሄ የወረቀት ላይ ክርክር ብቻ አልነበረም። የስዊዘርላንዷ ዛንክት ጋለን ከተማ በ1895 ሠራተኞቿን በግዴታ ያስገባ የሥራ አጥነት መድን ጀመረች። በዓለም የመጀመሪያው የግዴታ መድን ነበር። ሥራቸው የተረጋጋው ሰዎች «የሌላውን ዕዳ ለምን እንከፍላለን» ብለው ተቃወሙ፤ ወጪው ከመዋጮው በለጠ፤ በ1897 ተዘጋ። የቤልጂየሟ ጌንት ደግሞ በ1901 ሌላ መንገድ ያዘች። ከተማዋ ራሷ መድን አላቋቋመችም፤ የሠራተኛ ማኅበራቱ ለሥራ አጥ አባላት በሚከፍሉት ላይ ጨምራ ድጎማ ሰጠች። ብልሃቱ ማን የምር ሥራ እንዳጣና ማን እንደሚያስመስል የሚያውቀው የሙያ ባልደረባው ነው የሚል ነው። የዚህ ዘዴ ዘር እስካሁን በዴንማርክ፣ በስዊድንና በፊንላንድ ይታያል።

አንዲት ደብተር፣ ሁለት ቦታ

መላ አገርን ያቀፈ የግዴታ መድን መጀመሪያ የጀመረችው እንግሊዝ ናት፤ በ1911 ሕግ። ከክፍያ በፊት ግን አንድ ነገር ተሠራ። ከየካቲት 1910 ጀምሮ በየከተማው የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ቢሮ ተከፈተ። ከጀርባው ዊልያም ቤቨሪጅ የሚባሉ ወጣት ምሁር ነበሩ፤ በፖለቲካው በኩል የገፉት ደግሞ በኋላ በጦርነት መሪነታቸው የምናውቃቸው ዊንስተን ቸርችል ናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሰው ሥራ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ከፈለግክ ሥራዎቹ ሁሉ የሚመዘገቡበት ቦታ ይኑርህ።

መድኑ መጀመሪያ የሸፈነው ሥራቸው ከፍ ዝቅ የሚልባቸውን ጥቂት ዘርፎች ነው፤ ግንባታ፣ መርከብ ሥራ፣ የማሽን ሥራ የመሳሰሉትን፣ በድምሩ 2.25 ሚሊዮን ገደማ ሠራተኛ። ሠራተኛው በሳምንት ሁለት ፔንስ ተኩል፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይከፍላሉ፤ መንግሥት ይጨምርበታል። ሥራ ያጣ ሰው አንድ ሳምንት ከጠበቀ በኋላ በሳምንት 7 ሺሊንግ፣ በዓመት እስከ 15 ሳምንት ይወስዳል። ቤተሰብ አያኖርም። እንዲያኖርም አልታሰበም።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ግን ደብተሯ ናት። እያንዳንዱ ሠራተኛ የመድን ደብተር ነበረው። ሥራ ላይ ሲሆን ደብተሯ አሠሪው ዘንድ ተቀምጣ በየሳምንቱ ቴምብር ይለጠፍባታል። ሥራ ሲያጣ አሠሪው ይመልስለታል፤ እሱም ወስዶ አገናኝ ቢሮው ያስቀምጣል። አንዲት ደብተር ሁለት ቦታ ልትሆን አትችልም። ቢሮው ውስጥ ከሆነች ሥራ ላይ የለህም ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ በሥራ ሰዓት እየመጣህ ትፈርማለህ፤ እዚህ ቆመህ እየፈረምክ ሌላ ቦታ ልትሠራ አትችልምና። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ ማሰብ ይከብዳል። የዛሬው ሳምንታዊ ቅጽ የዚያ ፊርማ የልጅ ልጅ ነው።

ስለ ጥፋትስ? ቸርችል በ1909 በጻፉት ማስታወሻ ላይ የያዙት አቋም ለዘመኑ ያልተለመደ ነበር። ሰክሮ የተባረረ ሠራተኛ እንኳ መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ ክፍያው ይገባዋል፤ የመድን ሒሳብና የሥነ ምግባር ፍርድ አይቀላቀሉ ነው የሚሉት። አልተሳካላቸውም። ሕጉ ሲወጣ በጥፋቱ የተባረረ ወይም ያለ በቂ ምክንያት በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ስድስት ሳምንት እንዳይከፈለው ደነገገ። «ከሥራ የወጡበት ምክንያት ምንድን ነው?» የምትለው የዛሬዋ ጥያቄ ከዚህ ትጀምራለች። ተቀነስኩ ካልክ መንገዱ ክፍት ነው። ለቀቅኩ ካልክ ምክንያትህን አስረዳ።

«ከልብ ሥራ መፈለግ»

አንደኛው የዓለም ጦርነት በኅዳር 1918 ሲያበቃ ሌላ ችግር መጣ። ሚሊዮኖች ወታደሮች ተመለሱ፤ የጥይት ፋብሪካ ሴቶች ተበተኑ። አብዛኞቹ መዋጮ አልከፈሉም። መንግሥት አብዮት ስለፈራ (ሩሲያ ውስጥ የሆነው ገና ትኩስ ነበር) ያለ መዋጮ የሚከፈል ጊዜያዊ እርዳታ አወጣ። ሰዉ «ዶል» አለው፤ ስሙ እስከ ዛሬ አለ። የድንገተኛ ጊዜ ድጎማ በሚባለው ታሪክ ውስጥ ትልቁ የመጀመሪያ ምዕራፍ ይሄ ነው።

በ1920 መድኑ ወደ 11 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሠራተኞች ሰፋ። ክፋቱ፣ የሰፋው ኢኮኖሚው ሊወድቅ ወራት ሲቀሩት ነው። በ1921 ሥራ አጡ ከ2 ሚሊዮን አለፈ። ሰዎቹ የ15 ሳምንት መብታቸውን ጨርሰው ሥራ አላገኙም። እንግዲህ ምን ይደረግ? ፓርላማው ክፍያውን አራዘመ፤ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። አመልካቹ ሥራ «ከልብ እየፈለገ» መሆኑን ማሳየት አለበት።

ከልብ! ደብተሯ የት እንዳለች ማየት ይቻላል፤ ልብን ግን በምን ታየዋለህ? በተግባር የሆነው ይሄ ነው። ሰዎቹ ሥራ እንደሌለ የሚያውቁት ፋብሪካ በር ድረስ በየቀኑ በእግራቸው እየተጓዙ «የለም» የሚል መልስ ይሰበስቡ ነበር። ኮሚቴ ፊት ቀርበው ሰኞ የት ሄድክ፣ ማክሰኞ ማንን ጠየቅክ ይባላሉ። በደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች የድንጋይ ከሰል ማውጫው ተዘግቶ ሌላ ሥራ የሚባል ነገር በሌለበት ሰውዬው መፈለጉን ያስረዳ ይባላል። በአሥር ዓመት ውስጥ በዚህ መስፈርት የተከለከለው ማመልከቻ በሚሊዮን ይቆጠራል። በ1930 የማስረዳቱ ሸክም ከአመልካቹ ላይ ተነሳ፤ ግን በዓመቱ የባሰ መጣ።

የባሰው የአቅም ምርመራው ነው። ከ1931 መጨረሻ ጀምሮ 26 ሳምንት የተከፈለው ሰው ከዚያ በላይ ለማግኘት የቤተሰቡ ገቢ ሁሉ ይመረመር ነበር። መርማሪ ቤት ይመጣል። የልጅ ደመወዝ ይቆጠራል፣ የአያት ጡረታ ይቆጠራል፣ ቁጠባ ይቆጠራል፤ የሚሸጥ ዕቃ ካለም ይታያል። የ18 ዓመት ልጅ ሥራ ሲያገኝ የአባቱ ድጎማ ይቀነሳል። አስቡት፤ አባት በልጁ እጅ ሲገባ፣ ልጅም ቤቱን ላለማስራብ ብሎ ወጥቶ ሌላ ሰፈር ክፍል ሲከራይ። ያንን ዘመን ያሳለፉ እንግሊዛውያን ከገንዘቡ ማነስ በላይ የማይረሱት ያንን በር የሚያንኳኳ ሰው ነው። በ1935 መጀመሪያ አዲስ የክፍያ ተመን ወጥቶ ለብዙዎች ከነበረው ሲያንስ፣ በተለይ ደቡብ ዌልስ ውስጥ ሰልፉ እጅግ ከመብዛቱ የተነሳ መንግሥት በሳምንታት ውስጥ ተመኑን አንጠልጥሎ ተወው።

በሻይ ግብዣ ላይ የተነገረ ምስጢር

አሜሪካ ዘግይታ ነው የመጣችው። በ1933 ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ አጥ ነበር፤ የመላ አገሩ የሥራ አጥነት መድን ግን አልነበረም። ቀድማ ሕግ ያወጣችው ዊስኮንሲን ናት፤ በጥር 1932። የዊስኮንሲን ሰዎች ጥያቄውን ገለበጡት። ሥራ አጥነት የሠራተኛው ስንፍና ሳይሆን የአሠሪው እቅድ ማጣት ነው፤ ስለዚህ አሠሪው ይክፈል አሉ። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ሒሳብ ይኖረዋል፤ ሠራተኛ በቀነሰ ቁጥር ከዚያ ይወጣል።

ለእኛ ይሄ እንግዳ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ኢትዮጵያ ውስጥ ሠራተኛ ሲቀነስ የስንብት ክፍያ የሚከፍለው አሠሪው ራሱ ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት የሠላሳ ቀን ደመወዝ፣ ለተከታዮቹ ዓመታት ደግሞ በየዓመቱ የዚያን አንድ ሦስተኛ እየጨመረ፤ ቅነሳ ሲሆን ተጨማሪ የስድሳ ቀን አለው። በየሳምንቱ የሚከፍል የሥራ አጥነት መድን ግን የለንም። የዚህ መንገድ ጉድለት ዊስኮንሲን ውስጥም ታይቷል፤ ድርጅቱ ራሱ ሲራቆት ሠራተኛው ከማን ይወስዳል?

ወደ ዋሽንግተን እንመለስ። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ፍራንሲስ ፐርኪንስ ነበሩ፤ በአሜሪካ ካቢኔ የመጀመሪያዋ ሴት። ችግራቸው ሕገ መንግሥቱ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፌዴራል መንግሥቱን ሕጎች እየጣለ ነበርና ይሄኛውንም እንዳይጥል ፈሩ። ፐርኪንስ በኋላ እንደተናገሩት አንድ ቀን በሻይ ግብዣ ላይ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች አንዱ ሃርላን ስቶን አጠገባቸው ተቀምጠው ጭንቀታቸውን ሰሙና፣ ግብር የመጣል ሥልጣናችሁን ተጠቀሙ ብለው በጆሮ ነገሯቸው። ሌላው ዳኛ ብራንዳይስም በልጃቸው በኩል ወደዚያው የሚመራ ሐሳብ ሰጥተዋል፤ ልጅቷ ኤልዛቤት ብራንዳይስና ባሏ ፖል ራውሸንቡሽ የዊስኮንሲንን ሕግ ካረቀቁት መካከል ነበሩ። (ዳኞች እንዲህ ማድረግ ነበረባቸው ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ አልነበረባቸውም እላለሁ።)

ብልሃቱ ይህ ነው። ፌዴራል መንግሥቱ በአሠሪዎች ላይ በደመወዝ ልክ የሚሰላ ግብር ይጥላል፤ ከ1938 ጀምሮ 3 በመቶ። ስቴቱ የራሱ መድን ካለው ግን አሠሪው እዚያ የከፈለው እስከ ግብሩ 90 በመቶ ድረስ ይታሰብለታል። ስቴቱ እምቢ ካለ ገንዘቡ ያው ይወጣል፤ ለሠራተኛው አንድ ሳንቲም ሳይደርስ። ማን እምቢ ይላል? ሩዝቬልት ሕጉን የፈረሙት ነሐሴ 14 ቀን 1935 ነው፤ በ1937 እምቢ ያለ ስቴት አልቀረም። በዚያው ዓመት ፍርድ ቤቱም በ5 ለ4 ድምፅ አጸደቀው።

የመጀመሪያው ቼክ ነሐሴ 1936 ዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ከተማ ለአንድ ቅርጽ አውጪ ሠራተኛ ተከፈለ። 15 ዶላር። ሰውየው ቼኩን ባንክ አልወሰደውም፤ ራውሸንቡሽ ለማስታወሻ በ25 ዶላር ገዙት።

በሻይ ግብዣው ብልሃት ውስጥ ሁለት ነገሮች ተቀብረው ቀሩ። አንዱ፣ መድኑ የአንድ አገር ሳይሆን የየስቴቱ ሆነ፤ ክፍያው፣ ደንቡ፣ ኋላ ላይ ኮምፒውተሩ ሳይቀር የተለያየ። ሁለተኛው ይከፋል። ሕጉ የእርሻ ሠራተኞችንና የቤት ሠራተኞችን አልሸፈነም። በደቡብ ስቴቶች በእነዚህ ሁለት ሥራዎች የሚተዳደሩት በብዛት ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ምክንያቱ የአሰባሰብ ችግር ነው ወይስ የደቡብ ፖለቲከኞች ግፊት? የታሪክ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ ውጤቱ ላይ ግን ክርክር የለም። በአብዛኛው የተካተቱት ከ1978 ጀምሮ ነው። የግል ሥራ የሚሠራው ደግሞ ጭራሽ አልገባም፤ ግብሩን የሚከፍል አሠሪ የለውማ።

ሁልጊዜ የሚያልቅ ድጎማ

በብዙ ስቴቶች መደበኛው ክፍያ 26 ሳምንት ላይ ረጋ። ስሌቱ ሰው በስድስት ወር ሥራ ያገኛል የሚል ነው። በጥሩ ጊዜ እውነት ነው። በመጥፎ ጊዜ አይደለም፤ እናም ኢኮኖሚው በወደቀ ቁጥር ኮንግረሱ ጊዜያዊ ማራዘሚያ ያወጣል። በ1958፣ በ1961፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በ1982፣ በ1991፣ በ2002፣ በ2008። በ1970 በራሱ የሚነሳና የሚወድቅ ቋሚ ማራዘሚያ ተሠርቶ ነበር፤ ስቴቱ ውስጥ ሥራ አጥነቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ይበራል፣ ሲወርድ ይጠፋል። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ መቀስቀሻው ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ስለሚሠራ ኮንግረሱ እንደገና በእጁ ያወጣል።

በእጅ የሚወጣ ነገር በእጅ ይቋረጣል። ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ በተጎዱ ስቴቶች ጠቅላላው እስከ 99 ሳምንት ደርሶ ነበር። በ2010 ኮንግረሱ ሳይስማማ ቀርቶ ለሳምንታት ተቋረጠ፤ እንደገና ተቀጠለ። በ2013 መጨረሻ ደግሞ ሲዘጋ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በአንድ ቀን ክፍያቸው ቆመ። ሥራ ስላገኙ አልነበረም። ቀኑ ስለደረሰ ነው።

ስድስት መቶ ዶላር

ከ2020 በፊት በአንድ ሳምንት የቀረበው ትልቁ አዲስ የድጎማ ማመልከቻ ቁጥር 695,000 ነበር፤ በ1982። በመጋቢት 2020 መጨረሻ በአንድ ሳምንት ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣ።

መጋቢት 27 ቀን የወጣው ሕግ በየሳምንቱ ክፍያ ላይ 600 ዶላር ጨመረ። ለምን 600? ለምን የቀድሞ ደመወዝህን ይህን ያህል በመቶ አልተባለም? በከፊል መልሱ ኮምፒውተር ነው። ብዙ ስቴቶች የሚጠቀሙት ሥርዓት በ1959 በተፈጠረው ኮቦል በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ አሥርት ዓመታት ያስቆጠረ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው የደመወዙን መቶኛ አዲስ ሒሳብ እንዲያሰላ ለማድረግ ወራት ይፈጃል ተባለ፤ አንድ ቋሚ ቁጥር መደመር ግን ይችላል። ስለዚህ በአማካዩ ደመወዝና በአማካዩ ድጎማ መካከል ያለው ልዩነት፣ 600 ገደማ፣ ለሁሉም ተሰጠ። ዝቅተኛ ደመወዝ የነበራቸው ብዙዎች ከደመወዛቸው በላይ አገኙ፤ «ሰው ሥራ አይፈልግም» የሚለው የ1921 ክርክርም በአዲስ ልብስ ተመለሰ። የኒው ጀርሲ ገዥ ኮቦል የሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ ይምጣልን ብለው በአደባባይ ጠየቁ። አሳዛኝም አስቂኝም ነው።

ወደ ሐበሻው እንምጣ። በዲሲና አካባቢው ታክሲና ኡበር ከሚነዱት ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያው ጭር ሲል፣ ሆቴሉ ሲዘጋ፣ የሚጫን ሰው ጠፋ። ማንም «ተቀንሰሃል» የሚል ደብዳቤ አልሰጣቸውም፤ ደብዳቤውን የሚጽፍ አሠሪ የለማ። በመደበኛው ቅጽ ላይ «የአሠሪዎ ስም» የሚለው ቦታ ሲደርሱ የሚጻፍ ነገር የለም። በ1935 የተቀበረው ነገር ሰማንያ አምስት ዓመት ቆይቶ እዚህ ወጣ።

አዲሱ ሕግ ለእነዚህ ሰዎች የተለየ ፕሮግራም ከፈተ፤ የወረርሽኝ ጊዜ የሥራ አጥ እርዳታ። የግል ሥራ የሚሠሩትና በአፕ የሚነዱት በመላ አገሪቱ የተሸፈኑበት የመጀመሪያ ጊዜ ነው (ቀድሞ ለጎርፍና ለአውሎ ነፋስ ተጎጂዎች የነበረው አነስተኛ ፕሮግራም ለአሠራሩ መነሻ ሆኗል)። ግን በብዙ ስቴቶች መጀመሪያ በመደበኛው አመልክተህ «አይገባህም» መባል ነበረብህ፤ የእምቢታው ደብዳቤ ነበር ለሁለተኛው በር ቁልፉ። የእምቢታ ደብዳቤ ሲደርሰው ያለቀለት መስሎት የተወ ሰው ስንት ይሆን?

አዲስ ተቀጣሪዎችም የራሳቸው ወጥመድ ነበራቸው። በመደበኛው ደንብ ድጎማህ የሚሰላው ካለፉት አምስት የተጠናቀቁ ሩብ ዓመታት የመጀመሪያዎቹን አራት በማየት ነው። በሚያዝያ 2020 ላመለከተ ሰው ይሄ ማለት ሙሉው 2019 ነው። ጥር 2020 የመጀመሪያ ሥራውን ይዞ መጋቢት ላይ የተቀነሰ ወጣት ሦስት ወር ሠርቶ በዚያ ስሌት ዜሮ ነው። ደንቡ የመጣው የደመወዝ ሪፖርት በወረቀት ተልኮ እስኪመዘገብ ወራት ከሚፈጅበት ዘመን ነው። አሁን ብዙ ስቴቶች የቅርቡንም የሚያይ አማራጭ አላቸው፤ የማያውቀው ሰው ግን አይጠይቅም።

ጥርጣሬው ደግሞ መሠረት አልባ አልነበረም። የአሜሪካ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2023 ባወጣው ግምት በወረርሽኙ ጊዜ ከ100 እስከ 135 ቢሊዮን ዶላር በማጭበርበር ወጥቷል። አንዱ ዋና ዘዴ ግን ሥራ እየቀረበለት እምቢ ያለ ሾፌር አልነበረም፤ የሌሎችን ስምና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ሰርቀው በጅምላ የሚሞሉ ቡድኖች ናቸው። በየሳምንቱ «ሥራ ፈልገዋል?» የሚለው ጥያቄ እነሱን አያቆማቸውም፤ «አዎ» ብለው ያልፋሉ። ከታኅሣሥ 2020ው ሕግ በኋላ ግን የግል ሥራ እንደነበረህ የሚያሳይ ማስረጃ አምጣ ተባለ፤ የግብር ወረቀት፣ የባንክ መግለጫ፣ የአፑ የገቢ ዝርዝር። ከዚያ ቀደም ብሎ የተከፈላቸው አንዳንዶች ደግሞ «በትርፍ የተከፈለዎትን ይመልሱ» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው።

አንዳንድ ስቴቶች ፕሮግራሙን ከሰኔ 2021 ጀምሮ ዘጉ። በቀሩት መስከረም 6 ቀን 2021 አበቃ። በማግስቱ ቅጹ ወደ ድሮው ተመለሰ፤ «የአሠሪዎ ስም» የሚለው ቦታም እዚያው አለ፣ ሾፌሩ የሚጽፍበት ነገር ሳይኖረው።